የካብላኑ ስም ቢቀየርም የሥራ ዘመንዎ አይቆረጥም

እኛ የማኅበረሰብ ነርሶች በክሊኒክ የምንለካው የደም ግፊት ነው፤ የምንሰማው ግን ብዙ ጊዜ የሥራ ጣጣ ነው። አንዲት እናት በአንድ ትምህርት ቤት ለ9 ዓመት አጽድተዋል። ትልቁ ዕረፍት በደረሰ ቁጥር «ተሰናብተዋል» ይባላሉ፤ ትምህርት ሲጀመር በአዲስ ወረቀት ይመለሳሉ። ሕንፃው ያው፣ መጥረጊያውም ያው። የሚቀየረው ትሉሹ ላይ ያለው የካብላኑ ስም ብቻ ነው። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ «እኛ ዘንድ የሠሩት 10 ወር ነው፣ ፒጹዪም የለዎትም» ተባሉ።

ሕጉ ይህን ዘዴ ያውቀዋል። በ1963 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው የፒጹዪም ሕግ የሚቆጥረው በአንድ አሠሪ ዘንድ ወይም በአንድ የሥራ ቦታ በተከታታይ የተሠራን ጊዜ ነው። ቁም ነገሩ ያለው «ወይም» የምትለው ቃል ላይ ነው። ቦታው አንድ እስከሆነ ድረስ ካብላኑ ቢለወጥም ቆጠራው ይቀጥላል፤ የሁለት ወር ዕረፍትም ብቻውን አይቆርጠውም። ለዚያ ዘመን ቀድሞ የተከፈለ ካለ ግን ሁለት ጊዜ አይከፈልም።

የመጀመሪያው ዓመት ሊሞላ ሲል የተባረረ ሠራተኛም እንዲሁ ነው። ሕጉ ስንብቱን ክፍያ ለመሸሽ እንደተደረገ ይቆጥረዋል። ሌላ ምክንያት ነበረኝ የሚል ካለ ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው።

በወር ደመወዝ ለሚሠራ ሰው ክፍያው ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ነው፤ አሠሪው ለፒጹዪም ብሎ በየወሩ ወደ ፔንሲያ ያስገባው ከዚህ ይታሰባል። የጡረታ ዕድሜ ደርሶ በራሱ ፈቃድ ለሚለቅም ይገባዋል። በጤና ምክንያት የሚለቅም እንደ ተሰናበተ ሊቆጠር ይችላል፤ ስለዚህ ከመልቀቅዎ በፊት ወደ ሐኪምዎ ይምጡና ወረቀት ያጽፉ።

እኛን በጣም የሚያሳስበን ፊርማ ነው። ፒጹዪምን የሚያስቀር ስምምነት በጽሑፍ ካልሆነና ስለ ፒጹዪም መሆኑን በግልጽ ካልጠቀሰ ዋጋ የለውም። በግልጽ የሚጠቅስ ከሆነ ግን ሊጎዳዎ ይችላል። በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ሲሰጥዎ «ቤት ወስጄ ላስነብበው» ይበሉ። ማፈር የለም፤ እኛም ያልገባንን አንፈርምም።

ትሉሽ የጠፋበት ሰው ከቢቱዋህ ሌኡሚ የት የት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ የሚያሳይ ማስረጃ ማውጣት ይችላል። በዚያው ሕንፃ መሥራትዎን የሚያውቁ የሥራ ባልደረቦችን ስምም ይያዙ። ክስ ለማቅረብ ያለው ጊዜ 7 ዓመት ነው፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ድጋፍ ክፍል ጠበቃ ሊመድብ ይችላል።

እኒያ እናት ትሉሾቻቸውን በጤፍ ከረጢት ይዘው መጡ። ከ9 ዓመቱ የጎደለው የሁለት ወር ብቻ ነው። አሁን ጠበቃ እያየላቸው ነው።