የወንጌላዊው ተጠሪነት ለማን ነው?

በኢትዮጵያ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ለቤተ ክርስቲያን ተካዮች፣ ማለትም ምዕመናን ወደሌሉበት ወይም ጥቂት ወደሆኑበት ስፍራ ተልከው አዲስ አጥቢያ ለሚመሠርቱ የአገር ተወላጅ ወንጌላውያን፣ የሚሰጠው ድጋፍ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ በየጠቅላላ ጉባኤው የሚነሳ፣ በየጠቅላላ ጉባኤውም ሳይቋጭ ለከርሞ የሚተላለፍ ጉዳይ ነው። አንዱ ወገን ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ ጥገኝነትን ያሳድራል፣ አማኙም እጁን አጥፎ እንዲቀመጥ ያደርጋል ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ሚስትና ልጆቹን ይዞ ቆላ የወረደ ሰው በባዶ ሆዱ እንዲያገለግል መጠበቅ ጭካኔ ነው ይላል። ሁለቱም የሚሉት እውነት ስለሆነ ክርክሩ ፈቅ ሳይል ዓመታት አልፈዋል። ነገሩ ሁልጊዜ ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጣ በሚለው ዙሪያ ሲሽከረከር፣ ወንጌላዊው የሥራውን ዘገባ ለማን ያቀርባል፣ ሲሳሳት የሚገሥጸው፣ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ቢያጠፋም የሚያሰናብተው ማን ነው የሚለው፣ ባጭሩ ተጠሪነቱ ለማን ነው የሚለው ነገር የሚገባውን ያህል አልተመረመረም።

የራስን መቻል ትምህርት ለአብዛኛው አንባቢ አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው ሄንሪ ቬንና አሜሪካዊው ሩፎስ አንደርሰን የአንድ አገር ቤተ ክርስቲያን ራሷን የምታስተዳድር፣ በራሷ ገንዘብ የምትኖር፣ በራሷም ልጆች የምትስፋፋ ልትሆን ይገባል የሚል መርሕ አስቀመጡ፤ በቻይና ያገለገለው ጆን ኔቪየስም እ.ኤ.አ. በ1890 ወደ ኮሪያ ተጋብዞ ይህንኑ መንገድ ለወጣት ሚሲዮናውያን ካስተማረ በኋላ በዚያች አገር የሥራ መመሪያ እስከ መሆን ደረሰ። ሆኖም ከሦስቱ መካከል የገንዘቡ ነገር ሌሎቹን ሁለቱን እየዋጠ መጣ። ገንዘብ ይቆጠራል፣ በሠንጠረዥ ይቀመጣል፣ ከዓምናው ጋር ይነጻጸራል፤ ራስን ማስተዳደር ግን በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ማን ተናግሮ ማን ዝም እንዳለ ካልታየ በቀር በወረቀት አይታወቅም።

ለዚህ ጉዳይ ከአገር ውስጥ ታሪክ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው የወላይታው ነው። የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሚሲዮናውያን በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1929 ዓ.ም. ሶዶን ለቅቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች ገና በአስሮች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ጠላት ተባርሮ ሲመለሱ ግን የጠበቋቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ምዕመናን ነበሩ። ከዚያ በኋላም የወላይታ አማኞች ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ፣ ወደ ሲዳማና ወደ አሪ ወንጌላውያንን ከነቤተሰቦቻቸው ላኩ፤ ስንቃቸውንም ራሳቸው ካዋጡት ሰጡ። ሁለተኛው ዘወትር የሚነሳው ምሳሌ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው፦ በ1974 ዓ.ም. በደርግ ትእዛዝ ስትዘጋ፣ ንብረቷ ሲወረስና መሪዎቿ ሲታሰሩ 5,000 ገደማ የነበሩት አባላቷ፣ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ ቆይተው በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች ብዙዎች የሚያወጡት ትምህርት ገንዘብ ሲቋረጥ ቤተ ክርስቲያን ታድጋለች የሚል ነው። ይህ አነባበብ ግን ጎዶሎ ነው፤ መከራን እንደ ስልት ማወደስም የታሰሩትንና የተገረፉትን ሰዎች ሥቃይ ማቃለል ይሆናል። በሁለቱም ዘመናት ከገንዘቡ ጋር አብሮ የተቋረጠ ሌላ ነገር ነበር፤ እርሱም ወደ ውጭ የሚሄደው ዘገባ ነው። አንድ ወንጌላዊ በዚያ ጊዜ ምን እንደሠራ የሚያውቁትና የሚጠይቁት አብረውት በአንድ ጎጆ የሚጸልዩ፣ ቢያዝ ሚስቱን የሚያበሉ፣ ቢዋሽ በማግስቱ የሚደርሱበት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የገንዘቡ መጥፋት የአማኞቹን አቅም ፈትኖታል እንጂ አላበረታቸውም ማለት ይቻላል፤ ሥራቸውን የተሸከመው ግን ተጠያቂነታቸው በአጠገባቸው መኖሩ ይመስላል።

ይህን ለመረዳት ዛሬ በብዙ የድጋፍ ፕሮግራሞች ውስጥ የሚሠራበትን የወርኃዊ ዘገባ ቅጽ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ቅጹ ወንጌል የተመሰከረላቸው ስንት፣ ጌታን የተቀበሉ ስንት፣ የተጠመቁ ስንት፣ አዲስ የተከፈቱ የስብከት ጣቢያዎች ስንት የሚሉ ዓምዶች አሉት፤ ወንጌላዊው ቁጥሮቹን ሞልቶ፣ በወንዝ ዳር የተነሳ የጥምቀት ፎቶ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር የተሰበሰበ ሕዝብ ምስል ጨምሮ በቴሌግራም ይልካል፤ ዘገባው በአስተባባሪው በኩል ተተርጉሞ ወደ ደጋፊው ይደርሳል። በድንበር ግጦሽ የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ለማስታረቅ የዋለባቸው ሦስት ቀናት፣ በለቅሶ ቤት ያደረባቸው ሌሊቶች፣ ከተጠመቁ በኋላ የቀሩትን ሰዎች ፍለጋ የተመላለሰበት መንገድ በቅጹ ላይ ዓምድ የላቸውም። ወንጌላዊው ሐቀኛ ሰው ቢሆን እንኳ፣ በወሩ መጨረሻ ምን እንደሚጠየቅ ስለሚያውቅ እግሩ ቀስ በቀስ ዓምድ ወዳለው ሥራ ያዘነብላል፤ ይህ የሰው ጠባይ ነው፣ ልዩ ክፋትም አይፈልግም።

በዚያው አጥቢያ የሚያገለግሉት ሽማግሌዎች ግን ቅጹን አያዩትም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በአንዲት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የተጨማደዱ የአሥርና የአምሳ ብር ኖቶችን እያቃኑ መባውን ይቆጥራሉ፤ በዓይነት የመጣውን እንቁላል፣ ቡናና በቆሎ እዚያው ለምዕመናን ሸጠው ገንዘቡን ይደምራሉ፣ በደብተር ይመዘግባሉ፣ ሦስት ሰዎችም ይፈርማሉ። በዚህ ደብተር ላይ የወንጌላዊው ስም የለም። ደመወዙ በግል የባንክ ሒሳቡ ስለሚገባ መጠኑን የሚያውቅ ሰው የለም፤ የማይታወቅ ገንዘብ ደግሞ በግምት ያድጋል። ከዚህ በኋላ ምዕመኑ «ፈረንጅ ይከፍለው የለም ወይ» ብሎ አሥራቱን ቢቀንስ፣ ሽማግሌውም ወንጌላዊውን ስለ ንግግሩ ወይም ስለ ገንዘብ አያያዙ ለመገሠጽ ቢያመነታ የሚያስገርም አይሆንም፤ ያላሰማራውን ሰው ማን አዘዘኝ ብሎ ይጠይቃል?

የሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ይህን ክፍተት በአንድ ጊዜ አሰፋው። ከለውጡ በፊት በባንክ ወደ 5,700 ብር ይመነዘር የነበረው 100 ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ10,000 ብር በላይ ሆነ። በአንድ ወረዳ የሚያገለግሉ፣ ምናልባትም ከአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የወጡ ሁለት ወንጌላውያን ቢታሰቡ፣ በዶላር የሚደገፈው ምንም ሳያደርግ ገቢው እጥፍ ሊደርስ ሲቃረብ፣ በአጥቢያው መባ የሚኖረው ግን የጤፍና የዘይት ዋጋ ሲንር ቀድሞ ይቀበለው በነበረው ብር ላይ ቆሞ ቀረ። ይህ ልዩነት በሁለቱ መካከል ቅሬታ ከመፍጠር አልፎ ለወጣቱ ትውልድ አንድ ጸጥ ያለ ትምህርት ይሰጣል፦ አገልጋይ ሆኖ ለመኖር የሚያስፈልገው የጎረቤት አመኔታ ሳይሆን ውጭ አገር ያለ ሰው አድራሻ ነው የሚል። በዋሽንግተንም ሆነ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች ከሚኖሩ ምዕመናን በቅን ልብ የሚላክ ድጋፍም ከዚህ ውጤት ነፃ አይደለም፤ ላኪው አማርኛ መናገሩ ብቻውን ዘገባው የሚሄድበትን አቅጣጫ አይለውጠውም። በዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ከደመወዟ ቆርሳ ለወንጌላዊ የምትልክ እህት መሥዋዕትነቷ ከብዙ ድርጅት የበለጠ ነው፤ የሚያሳዝነው ገንዘቧ የሚደርስበት አጥቢያ መላኳን እንኳ ሳያውቅ መቅረቱ ነው።

ቁጥር ተኮር ዘገባ ከአጥቢያው ውጭም መዘዝ አለው። በ1987ቱ ቆጠራ ከሕዝቡ 10 በመቶ ገደማ የነበሩት ፕሮቴስታንቶች በ1999ኙ ቆጠራ ወደ 18.6 በመቶ ደርሰዋል፤ ነገር ግን የወረቀት ዕድገት ሁሉ የአዲስ አማኝ ዕድገት አይደለም። ከአንዱ ቤተ እምነት ወደ ሌላው የዞረ ቤተሰብ በተቀባዩ ወገን ዘገባ ላይ እንደ አዲስ ፍሬ ይቆጠራል፤ የተሻለ ድጋፍ ያገኘ ወንጌላዊ ስሙን ቀይሮ ሲወጣ የሰበሰባቸውን ሰዎች ይዞ ይሄዳል፤ ለዓመታት በዕድርና በማኅበራዊ ኑሮ አብሮ ከቆየው ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም ጎረቤት ጋር ያለው ግንኙነትም በሩቅ ለሚያነብ ሰው ተብሎ በሚነሳ ፎቶ ምክንያት ሊሻክር ይችላል። ግጭት ቢነሳ ቤቱ የሚቃጠለው የዘገባው አንባቢ አይደለም።

በምዕራቡ ዓለም የአገር ተወላጅ ሚሲዮናዊን በጥቂት ዶላር ይደግፉ የሚለው ጥሪ ብዙ ለጋስ ሰዎችን ያነቃነቀ ቢሆንም፣ ዋናው ማስረጃው ርካሽነት መሆኑ ከጅምሩ ችግር ነበረበት። በእስያ በዚህ ዓይነት ጥሪ ከታወቁት ትልልቅ ድርጅቶች አንዱ የሆነው ጎስፕል ፎር ኤዥያ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ካለው የወንጌላውያን የፋይናንስ ተጠያቂነት ምክር ቤት አባልነቱ ተሰርዞ፣ በ2019 ደግሞ ለጋሾች ያቀረቡበትን ክስ ጥፋት ሳያምን በ37 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ዘግቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ስለ አንድ ድርጅት ብቻ አይደለም። ለጋሹ በአንድ አህጉር፣ ሠራተኛው በሌላ አህጉር ሲሆኑ በመካከላቸው ያለው ዘገባ ብቻ ነው፤ ዘገባውን የሚያርም ጎረቤት በሰንሰለቱ ውስጥ ከሌለ ወረቀቱ የቱንም ያህል ቢበዛ አመኔታን አይተካም።

በሌላ በኩል የውጭ ድጋፍን ከነጭራሹ ማቆም መልስ ነው የሚለው አቋም ለድሃ አጥቢያ ያለውን ክብደት አልለካም። በደቡብ ኦሞ ወይም በቦረና ቆላ፣ ከብቱ በድርቅ ባለቀበት አርብቶ አደር መካከል የሚያገለግል ወንጌላዊ በአካባቢው ራሱን የቻለ አጥቢያ የለውም፤ ያንን አጥቢያ ለመመሥረት ነው የተላከው። በተጨማሪም አጥቢያ ራሱ ጨካኝ አሠሪ ሊሆን ይችላል፦ ለእግዚአብሔር ነው የሚያገለግለው በሚል ሰበብ ወንጌላዊውን ለወራት ሳይከፍል የሚያቆይ፣ ሚስቱን ያለ ምንም ክፍያ እንደ ሁለተኛ ሠራተኛ የሚቆጥር፣ ሲያረጅም ጡረታና መጠለያ የማያስብ አጥቢያ ብርቅ አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በጻፈችው ታዋቂ ደብዳቤ ለጋሾች ለልማት ሥራ በቀላሉ ሲሰጡ ለወንጌል ስብከትና ለአጥቢያዎች ግን እጃቸው እንደሚያጥር ገልጻ፣ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ እንደማይከፈል አሳስባለች። የደብዳቤው ጥልቅ ሐሳብ ስለ ገንዘብ ብዛት አልነበረም፤ የአንዲት ቤተ ክርስቲያን የሥራ ቅደም ተከተል በለጋሹ የበጀት ርዕስ መወሰን የለበትም የሚል ነበር። ዛሬም ያው ጥያቄ በሌላ ልብስ ቀርቧል።

ስጦታ ጠያቂነትን እንዴት እንደሚወልድ ከሚያሳዩ ልማዶች አንዱ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ በሚዞራም ይገኛል። በዚያ ያሉ ክርስቲያን ሴቶች እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ ምግብ በሚያበስሉበት ጊዜ ሁሉ ወደ ድስቱ ከሚገባው ሩዝ አንድ እፍኝ ለይተው ለቤተ ክርስቲያን ያስቀምጣሉ፤ ሩዙ ተሰብስቦ ይሸጥና ለወንጌል ሥራ ይውላል። እፍኝ ሩዝ ብቻውን ወንጌላዊ አያኖርም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን በቀን ሁለት ጊዜ እፍኟን የምትለይ ሴት ወንጌላዊው የት እንደደረሰ የመጠየቅ መብት እንዳላት ታውቃለች፣ ወንጌላዊውም ያውቃል። በኢትዮጵያ ገጠር አጥቢያዎች ውስጥ በእህልና በእንቁላል የሚመጣው መባ ተመሳሳይ ኃይል አለው፤ ጉልበቱ የሚባክነው ገንዘቡ የሚገባበት ደብተርና የወንጌላዊው ደመወዝ የሚገባበት ሒሳብ ፈጽሞ ሳይተዋወቁ ሲቀሩ ነው።

ስለዚህ ለደጋፊዎች የሚነሳው ተግባራዊ ጥያቄ ስንት እንስጥ ከሚለው በፊት በማን እጅ እንስጥ የሚል ይሆናል። ድጋፉ በግል ሒሳብ መግባቱ ቀርቶ በላኪው አጥቢያ ወይም በቀጠናው ደብተር ላይ ተመዝግቦ፣ በዚያው ከሚሰበሰበው መዋጮ ጋር ተደምሮ በሽማግሌዎች ፊርማ ቢወጣ፣ ዘገባውም አስቀድሞ በአጥቢያው ፊት ተነብቦና ታርሞ ቢላክ፣ የገንዘቡ ምንጭ ባይለወጥም የወንጌላዊው ፊት የሚዞርበት አቅጣጫ ይለወጣል። ይህ አሠራር ይዘገያል፤ ፎቶውም ያንሳል፤ አንዳንድ ደጋፊም በዚህ ምክንያት ሊተው ይችላል።

ካልተደረገ የሚሆነው ግን የታወቀ ነው። የድጋፉ ዘመን፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት፣ ያበቃል፤ ከሩቅ ይመጣ የነበረው ገንዘብ በአንድ ደብዳቤ ይቆማል፤ ወንጌላዊውም በዚያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌዎቹ መባ ወደሚቆጥሩበት ጠረጴዛ ቀርቦ ደመወዝ እንዲሰጡት ይጠይቃል። እነርሱም እስከ ዛሬ ስንት ይከፈለው እንደነበር፣ ማን ይከፍለው እንደነበር፣ ስለ እነርሱም ምን ተብሎ ይጻፍ እንደነበር የሚሰሙት ያን ዕለት ነው።