ሽቦው ይችላል ወይ?

ኤሌክትሪክ የገባበት ሰፈር ብዙ ድካም ይቀልለታል። ኩራዝ ይቀራል። እንጀራም ያለ ጭስ ይጋገራል። ነገር ግን አንድ አደገኛ ልማድ አብሮ ሲገባ እናያለን። አንዳንድ ሰው ከጎረቤት ቆጣሪ በቀጭን ሽቦ መስመር ይስባል። መጀመሪያ አምፖል ያበራል። ቆይቶ ምድጃ ይሰካል። ከዚያም ምጣድ ይጨምራል። ሽቦው ይችላል ወይ ብሎ ግን አይጠይቅም።

ይህን ለማወቅ ማባዛትና ማካፈል ይበቃናል።

በመጀመሪያ አራት ቃላት እንማር። ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ የሚሄደው ውሃ በቦይ እንደሚሄደው ነው ብለን እናስብ። ግፊቱ በቮልት ይለካል። በአገራችን ቤቶች የሚገባው 220 ቮልት ነው። የሚፈሰው መጠን በአምፔር ይለካል። ጠባብ ቦይ ውሃውን ያግደዋል። ሽቦም እንዲሁ ኤሌክትሪክን ያግዳል። ይህ ተቃውሞ ይባላል፤ የሚለካውም በኦም ነው። ሽቦው ሲቀጥንና ሲረዝም ተቃውሞው ይጨምራል። ዕቃው የሚወስደው ኃይል ደግሞ በዋት ይለካል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንሂድ። አንድ ምድጃ በ220 ቮልት 5 አምፔር ይስባል እንበል።

ተቃውሞውን ለማግኘት ቮልቱን ለአምፔሩ እናካፍላለን። 220 ሲካፈል ለ5፣ 44 ኦም ይሆናል። ይህን ሕግ ያሳተመው ጆርጅ ኦም የተባለ ጀርመናዊ መምህር ነው። ጊዜውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1827 ነበር።

ኃይሉን ለማግኘት ቮልቱን በአምፔሩ እናባዛለን። 220 ሲባዛ በ5፣ 1100 ዋት ይሆናል።

ምጣዱ ላይ 3300 ዋት ተብሎ ቢጻፍስ? ዋቱን ለቮልቱ እናካፍል። 3300 ሲካፈል ለ220፣ 15 አምፔር ይሆናል።

እንግዲህ ሽቦውን እንመልከት። ከጎረቤት የመጣው ቀጭን ሽቦ ራሱ ግማሽ ኦም ተቃውሞ አለው እንበል። ምድጃው ብቻ ሲሠራ 5 አምፔር ያልፍበታል። 5 ሲባዛ በግማሽ፣ ሁለት ተኩል ቮልት ነው። ሁለት ተኩል ሲባዛ በ5፣ አሥራ ሁለት ተኩል ዋት ነው። ይህ ሁሉ ሽቦው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ምድጃውና ምጣዱ አብረው ሲሠሩ ግን ወደ 20 አምፔር ያልፋል። 20 ሲባዛ በግማሽ፣ 10 ቮልት ነው። 10 ሲባዛ በ20፣ 200 ዋት ነው።

እናስተውል! አምፔሩ 4 እጥፍ ሲሆን የሽቦው ሙቀት 16 እጥፍ ሆነ። ሽቦው ይግላል፤ ላስቲኩ ይቀልጣል። በአጠገቡ እንጨት ወይም ጭድ ካለ ቤቱ ሊቃጠል ይችላል። በደንብ ያልታሰረ መቀጠያ ከሆነማ አደጋው ይብሳል።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ዋቱን እናንብብ። አምፔሩንም እናስላ። ለምጣድ ለብቻው ወፍራም ሽቦ በባለሙያ እናዘርጋ። ቫልቮላ ሲቃጠል በቦታው ተራ ሽቦ አንሰር። ቫልቮላው የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነውና። ሽቦ ወይም ሶኬት ከጋለ ዕቃውን አጥፍተን ባለሙያ እንጥራ።

የሳምንቱ ጥያቄ፦ አንድ የውሃ ማፍያ ላይ 2200 ዋት ተጽፏል። በ220 ቮልት ስንት አምፔር ይስባል? ተቃውሞውስ ስንት ኦም ነው?

መልስ፦ 10 አምፔር፤ 22 ኦም።