በሌዘር ተቆርጦ የሚደረደር የእንጨት የገና ጌጥ፦ የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ እንደ ንድፍ

በላሊበላ ከሚገኙት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነው ቤተ ጊዮርጊስ ቅርጹ መስቀለኛ ነው፤ በጣሪያውም ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ ሦስት መስቀሎች ተቀርጸዋል። ላሊበላ የገና በዓል በታላቅ ድምቀት የሚከበርባት ስፍራ በመሆኗ፣ ጣሪያው ለበዓሉ ጌጥ ተስማሚ ንድፍ ይሆናል። ጠራቢዎቹ ቅርጹን ያገኙት ከአለት እየቀነሱ ሲሆን፣ በሌዘር መቁረጫ የሚሠራው ጌጥ ግን የሚገኘው ስስ ጣውላን በመደራረብ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልዩነት በንድፍ ላይ የሚያስከትለውን ግዴታ ማብራራት ነው።

ለእንጨት ሥራ በብዛት የሚውለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር፣ የሞገድ ርዝመቱ 10.6 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ ጨረር በሌንስ አማካይነት በአንድ ነጥብ ላይ ያከማቻል። እንጨቱም በዚያ ነጥብ ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉ ይከስላል። ጥልቅ ቅርጽ ለማውጣት ጨረሩን መስመር በመስመር ማመላለስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ዙሪያውን ብቻ ቆርጦ መደርደር ግን ጊዜ ይቆጥባል፤ ጠርዙም የጠራ ይሆናል። 3 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ኮምፔንሳቶ የተቆረጡ አንድ መደብና መጠናቸው እየቀነሰ የሚሄድ ሦስት መስቀሎች ሲደረደሩ 12 ሚሊሜትር ከፍታ ይሰጣሉ።

የመጀመሪያው የንድፍ ችግር እንጨት ለመቆጠብ ሲባል የሚመጣ ነው። ትንሹን መስቀል ከትልቁ መካከል ቆርጦ ማውጣት ቁጠባ ይመስላል፤ ሆኖም የወጣው ክፍል ከቀዳዳው ስለሚያንስ በላዩ ላይ የሚያርፍበት ጠርዝ አያገኝም። ስለዚህ የታችኛውን ንብርብር መካከል ክፍት ማድረግ ካስፈለገ፣ ቀዳዳው በላዩ ከሚያርፈው መስቀል በዙሪያው ጥቂት ሚሊሜትር መጥበብ አለበት። ኮላው የሚይዘው በዚህ ድብቅ ጠርዝ ላይ ነው።

ሁለተኛው ችግር ጨረሩ ራሱ የሚበላው ስፋት ነው። ስፋቱ 0.2 ሚሊሜትር ቢሆንና ጨረሩ በንድፉ መስመር መካከል ቢሄድ፣ በ20 ሚሊሜትር ስፋት የተነደፈ ክብ 19.8 ሆኖ ሲወጣ ቀዳዳው 20.2 ይሆናል። ንብርብሮችን ለማስተካከል 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የእንጨት ችንካር የሚገባበት ቀዳዳም በ2.8 ሚሊሜትር መነደፍ ይኖርበታል። ይህ ማካካሻ ካልተደረገ እያንዳንዱ ንብርብር በየአቅጣጫው ይንሸራተታል፤ ዓይንም በተመጣጣኝ ቅርጽ ላይ ትንሹን መዛነፍ ፈጥኖ ይለያል። የሚበላው ስፋት በሌንሱ፣ በኃይሉ፣ በፍጥነቱና በእንጨቱ ዓይነት ስለሚለያይ፣ ከዋናው ሥራ በፊት ከዚያው ጣውላ ላይ የሙከራ ቁራጭ ቆርጦ መለካት ያስፈልጋል።

የኮምፔንሳቶው የውስጥ ሙጫ ወጥ ካልሆነ ጨረሩ በአንዳንድ ቦታ ሳይዘልቅ ይቀራል። ኃይልን ከልክ በላይ ከፍ ማድረግ ይህን ሊፈታ ቢችልም ጠርዙን ያከስላል፣ ቀጫጭን ክፍሎችንም ያቃጥላል። የተጨመቀ አየር ወደ መቁረጫው ነጥብ መንፋት እሳትንና ጥላሸትን ይቀንሳል። ገጽታውን በወረቀት ፕላስተር መሸፈን ደግሞ የጭስ እድፍን ይከላከላል።

መሣሪያው ጭስ ማስወጫ ሊኖረው ይገባል፤ ያለጠባቂም ሊተው አይገባም። ፒቪሲን ለጌጡ መደብነት መጠቀምም ፈጽሞ አይፈቀድም፤ በሌዘር ሲቆረጥ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሠራተኛውን ሳንባ ይጎዳል፣ መሣሪያውንም ያዝጋል።

አንድ የንድፍ ፋይል ብዙ ቅጂዎችን ማስገኘቱ የዚህ ስልት ዋና ጥቅም ነው። ይሁንና በፋይሉ ውስጥ ያለ ስሕተትም በየቅጂው ይደገማል፤ ለሙከራ ቁራጩ የሚጠፋው ጥቂት እንጨት ጠቀሜታው በዚህ ይታወቃል።