ሻንተክሌር፦ ከተረት የወጣው አውራ ዶሮ

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ በተጻፉት የቀበሮው የሬናር ተረቶች ሻንተክሌር የሚባል አውራ ዶሮ አለ፤ እንግሊዛዊው ቻውሰርም በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ታሪኩን በካንተርበሪ ተረቶች ውስጥ ድንቅ አድርጎ መልሶ ጽፎታል። ስሙ እስከ ዛሬ የዘለቀው ዶሮው ድምፀ መልካም ስለሆነ ነው የሚሉ ይኖራሉ። በ1978 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተቋቋመው የመዘምራን ቡድን ስሙን የወሰደው በርግጥም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ዶሮውን ለቀበሮ ጥርስ የዳረገው ያው ድምፁ ነው፤ ሲሞካሽ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጮኽ አንገቱን ተያዘ። ያተረፈው ብልሃቱ ነው፦ ቀበሮው አሳዳጆቹን እንዲሳደብ ገፋፍቶ አፉን አስከፈተውና በርሮ ዛፍ ላይ ወጣ።

የኋለኞቹም የወረሱት ይህን ሙሉ ባሕርይ ነው። የኮስታል ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ቡድኖች በዚህ ስም የሚጠሩት ለዜማ ሊሆን አይችልም። በኩቤክ የኦካ ገዳም መነኩሴ ያዳቀለው፣ የካናዳን ክረምት የሚቋቋመው የዶሮ ዝርያም ሻንተክሌር ይባላል። ከሁሉም ጥልቁ ግን የኤድሞን ሮስታን የ1910 ተውኔት ነው፤ እዚያ ዶሮው ፀሐይን የማወጣት እኔ ነኝ ብሎ ያምናል፣ እምነቱ ሲፈርስም ንጋትን ማብሰሩን አይተውም።