ያለ አፈር በመስኮት ዳር የሚለሙ አትክልቶች፦ ብልሽትና ተባይ

ማዳበሪያ በተበጠበጠበት ውሃ የሚለማ ሰላጣ ሲጠወልግ ብዙ ቤተሰቦች መድኃኒት ለመርጨት ይቸኩላሉ። የልማት ሠራተኞች አስቀድመው ሥሩን እንዲመለከቱ እናሳስባለን።

ሀ/ ሥር፦ ጤናማ ሥር ነጭና ጠንካራ ነው። ቡናማና የሚሸት ከሆነ በስብሷል። ውሃው ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ በውስጡ የሚይዘው አየር ስለሚያንስ ብስበሳው ይፋጠናል። የበሰበሰውን ተክል ማስወገድ፣ ዕቃውን አጥቦ ውሃውን መለወጥና ከፀሐይ መከለል ያስፈልጋል።

ለ/ ፓምፕ፦ ከቆመ መብራት መኖሩ ይረጋገጥ፤ ካለ ሶኬቱ ተነቅሎ ማጣሪያው ይጽዳ። የሚደፍነው የሥር ቁርጥራጭ ወይም አልጌ ነው። አልጌ ያለ ብርሃን ስለማያድግ የውሃው ዕቃ በጥቁር ላስቲክ ይሸፈን። መብራት ሲጠፋ ሥሩ እንዳይደርቅ ውሃውን በጣሳ እየቀዱ ማርጠብ ይገባል።

ሐ/ ክሽክሽ፦ በቅጠሉ ጀርባ ይሰፍራል፤ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ይጣበቃል። በውሃ አጥቦ ማራገፍ ይበቃል። ካልጠፋ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በ1 ሊትር ውሃ በጥብጦ፣ በአንድ ቅጠል ላይ ከሞከሩ በኋላ፣ በየሳምንቱ መርጨት ነው።

ለማሳ የተዘጋጀ ፀረ ተባይ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ፈጽሞ እንዳይረጭ ማኅበራት ለአባሎቻቸው እንዲያስረዱ አጥብቀን እንመክራለን። ሰላጣ ጥሬውን የሚበላ ነው፤ ቤተሰብ ከሚመረዝ ተክሉ ተነቅሎ ቢጣል ይሻላል።