የእምዬ እንዝርትና ደብተር

የመንዝ ደጋ ብርዱ ከባድ ነው። ዛፍ ስለማይበዛ ሰው የሚያነደው ኩበት ነው። ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ታዲያ በዚያ አገር ባና የሌለው ቤት ሞቀ አይባልም። ባና ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም የብርድ ልብስ ነው። ፀጉሩን ሴቶች ይፈትሉታል፤ ወንዶች ይሸምኑታል።

አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ፈታይ ነበረች። ልጆቿም የልጅ ልጆቿም እምዬ እንላታለን። ለትልቅ ሰው በጋዜጣ ላይ አንቱ ማለት ይገባ ነበር። ነገር ግን እኛ ቤት እምዬን አንቱ ያለ ሰው የለም። ብንላት ኖሮ ሌላ ሰው የገባ መስሏት ወደ በሩ ዞር ትል ነበር።

የተወለደችበትን ቀን የጻፈ የለም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲመጣ «እናቴ አዝላኝ ገደል ለገደል ሸሸች» ትል ነበር። ከዚያ ተነሥተን ስንቆጥር፣ በ2015 ዓ.ም. ስታርፍ ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር። በልጅነቷ ተዳረች። ዘጠኝ ወለደች፤ ስድስቱ አደጉላት።

እጇ ሥራ ፈትቶ አላየሁም። በጉ ከተሸለተ በኋላ ፀጉሩን ታጥባለች፤ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። እሾሁንና ጭቃውን እየለቀመች ታፍታታዋለች። ጥቁሩን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ ታስቀምጣለች። ጥቁሩ ለበርኖስ ይፈለጋል። ከዚያ እንዝርቷን ይዛ መፍተል ነው። ውሃ ስትወርድ ትፈትላለች። ገበያ ስትሄድ በመንገድ ላይ ትፈትላለች። ለአንድ ባና የሚበቃ ክር እስኪጠራቀም ብዙ ሳምንት ይፈጃል። እንዝርቱን የምታስቀምጠው ለቅሶ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና በበዓል ቀን ብቻ ነበር። በበዓል ቀንም ቢሆን እሾህ ስትለቅም እናገኛታለን። «በዓል አይደለም ወይ?» ስንላት «ይኼ ሥራ ነው እንዴ? ጨዋታ ነው!» ትለናለች።

ሒሳብ የምትይዘው በክር ቋጠሮ ነበር። ለአንድ ባና አንድ ቋጠሮ። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ አራት ባና በዱቤ ወሰደ። የሦስቱን ከፈለና «ጨርሻለሁ» አለ። እምዬ ክሩን ከመቀነቷ ፈትታ አሳየችው። «ክር ምን ይመሰክራል?» ብሎ ሰው ፊት ሳቀባት። የአራተኛው ባና ዋጋ በዚያው ቀረ። ያን ሳቅ እስክትሞት አልረሳችውም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ተጀመረ። ወደ እኛ አገር ሲደርስ እምዬ ወደ ሃምሳ ዓመት እየተጠጋች ነበር። ጎረቤት ቢስቅባትም ሄደች። እንዝርቷንም ይዛ ገባች። አስተማሪው ከልጇ የሚያንስ ወጣት ነበር። «እናቴ፣ እንዝርቱን ቢያስቀምጡትስ?» አላት። «ዓይኔና ጆሮዬ ያንተ ነው፤ እጄን ተወኝ፣ ልጄ» አለችው። ደግሞም «ቁጥሩን አስቀድምልኝ» ብላ ለመነችው። እሱ ግን ከ«ሀ» ጀመረ። ይህንንም እስክትሞት ታማው ነበር።

ደብተሯ ዛሬም አለ። ፊደሎቿ ትልልቅ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ሁሉንም በግዕዙ ስለምትጽፍ «ገብስ» ለማለት «ገበሰ» ብላለች። ደብተሩ በደንብ የሠራው በ1977 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ነበር። የእኛ ደጋ ገብስ ደግሞ በልግን የሚጠብቅ ነው። ረሃቡ ሲጸና ብዙ ሰው ዘሩን በላ። እምዬ ባናዋን አንድ በአንድ ሸጠች። ልጆቿ ቆሎ እየቆጠሩ በሉ። የዘሩን ጎተራ ግን ጭቃ መርጋ ዘጋችው፤ አያቴ ወንዱ ቢቆጣም አልከፈተችም። ዝናቡ ሲመለስ ራሷ አፈረሰችውና ለጎረቤት ዘር አበደረች። በደብተሩ ላይ ስም ጻፈች። ለአንድ ቁና አንድ ጭረት ሠራች። ሰው ሲመልስ ጭረቱን ትሰርዛለች።

በ1990ዎቹ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ ሠራተኛው የጣት ቀለም አቀረበላት። ቀለሙን ገፋ አድርጋ ብዕር ጠየቀች። ስሟን ጽፋ እስክትጨርስ ሰልፉ ቆመ። ከኋላ ያሉት አጉረመረሙ። እሷ ምን ገዷት!

ካረፈች በኋላ ሣጥኗ ሲከፈት ደብተሩ ተገኘ። የስድስት ሰዎች ጭረት ሳይሰረዝ ቀርቷል። አጎቴ «ዕዳ ዕዳ ነው፤ ይጠየቅ፤ ለተዝካሩም ይረዳናል» አለ። አክስቴ «እሷ በቁሟ ያልጠየቀችውን እኛ ልንጠይቅ?» ብላ አለቀሰች። አጎቴም እልኸኛ ነው። «ላትፈልገው ለምን ጻፈችው? የጻፈችው እኮ ክር አይመሰክርም ስለተባለች ነው» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ከአጎቴ ጋር ነበርኩ። በአርባው ዋዜማ ሁለቱ አይነጋገሩም ነበር።

በአርባው ዕለት ከወንዙ ማዶ አንድ ሽማግሌ አህያ እየነዱ መጡ። አህያው ላይ ትንሽ ስልቻ ተጭኗል። «የአባቴ ዕዳ ነው» አሉ። «ከእናታችሁ ስድስት ቁና ተበድሮ፣ አራቱን መልሶ ሞተ። ሁለት ይቀራል።» ደብተሩን እንዳላዩት እናውቃለን። አክስቴ ወደ እኔ ጠቀሰችኝ። አውጥቼ የአባታቸውን ስም ፈለግሁ። ስድስት ጭረት አለ። አራቱ ተሰርዘዋል። ጮክ ብዬ አነበብኩት።

አጎቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ስልቻውን ፈትቶ አንዱን ቁና ሰፈረ። ሌላውን በስልቻው ውስጥ እንዳለ መለሰላቸው። «ይቺን ለዘር ይያዙልን» አላቸው። ብዕሩን ለእኔ ሰጠኝ፤ ሁለቱንም ጭረት ሰረዝኩ።

የአምስቱ ሰዎች ጭረት እስከ ዛሬ እንዳለ ነው። አጎቴና አክስቴ ይነጋገራሉ፤ በእሱ ላይ ግን አልተስማሙም። ደብተሩ እኔ ዘንድ ተቀምጧል። እንዝርቱን አክስቴ ወስዳዋለች። እምዬ የጀመረችው ጥቁር ክር ላዩ ላይ ነበር። ጨርሳ ለአጎቴ በርኖስ ታሠራበታለች።