የበሬ ጥርስ፣ የልጅ ጥርስ

ባለፈው ጥር፣ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ዘመድ ልንጠይቅ አዲስ አበባ ሄድን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የስድስት ዓመት ወንድ ልጃችንና የአራት ዓመት ሴት ልጃችን ነን። እሑድ ከምሳ በኋላ የእህቴ ልጅ ብሔራዊ ሙዚየም ወሰደን። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሙዚየም ማለት የጥንት ዕቃ ተጠብቆ ለሰው የሚታይበት ቤት ነው።

ድንቅነሽን ለማየት ወደ ምድር ቤት ወረድን። አጥንቷ የተገኘው በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር በሚባል ቦታ ነው። ከሞተች 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ዓመት ያህል ሆኗታል። ይህን ቁጥር ከጽሑፉ ላይ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዓይኔን አላመንኩትም።

ልጄ አጠገቧ ቆመ። ቁመታቸው እኩል ሆነ! «እሷም ልጅ ናት እንዴ?» አለ። አስጎብኚው ሳቀ። «አይደለችም፤ ትልቅ ሴት ናት። የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሷ በቅሏል» አለው። ይህ ቶሎ ገባኝ። እኛስ የበሬን ዕድሜ የምናውቀው አፉን ከፍተን አይደል?

የሚታየው ግን ቅጂው ነው። እውነተኛው አጥንት እንዳይጎዳ ለብቻው ይጠበቃል። ልጄ ይህን ሲሰማ ቅር አለው። እኔንም ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ቀጥሎ ሰላም የምትባለውን ሕፃን አየን። በ1993 ዓ.ም. ያገኟት ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ቦታው ዲኪካ ይባላል፤ ከሐዳር አዋሽን ተሻግሮ ነው። አጥንቷ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ነበር። ድንጋዩን በጥቂት በጥቂቱ ፍቆ ለማንሣት ዓመታት ፈጀ። ብዙ ሰው «የድንቅነሽ ልጅ» ይላታል፤ ስሕተት ነው። ሰላም የኖረችው ከድንቅነሽ 100 ሺህ ዓመት ያህል ቀድማ ነው።

ስትሞት ቢበዛ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ይህም የታወቀው በጥርሷ ነው። የወተት ጥርሶቿ ወጥተዋል። ትልልቆቹ ግን ገና መንጋጋዋ ውስጥ ነበሩ። ልጄ ይህን ሲሰማ የሚነቃነቅ ጥርሱን በምላሱ ነካ ነካ አደረገ።

«አጥንቷ እንዴት ሳይበተን ቆየ?» አለች ባለቤቴ።

«እንደሞተች ጎርፍ በአሸዋ ቀብሯት ሳይሆን አይቀርም እናቴ» አላት አስጎብኚው።

ባለቤቴ ከዚያ መስታወት አልነቃነቅ አለች። እኛም በሦስት ዓመቷ የቀበርናት ልጅ አለችን። ትንሿ ልጃችን ነጠላዋን ጎተተቻት።

«እማዬ፣ እናቷስ የት አለች?»

«ስትፈልጋት ቆይታ ይሆናል» አለችና አዘለቻት። ከዚያ ወጣን።